ውሃው ከዝናቡ ቀድሞ ሞላ፦ የቀበና ወንዝ የአንድ ክረምት ማስታወሻ

ግንቦት 9

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ክረምት ነው። ቀበና ድልድይ አጠገብ ታክሲ እጠብቃለሁ። ፀሐይ ጀርባዬን ትጠብሰኛለች። ወንዙ ድንገት ጮኸ። ዞር ብዬ ሳይ ወተት የበዛበት ቡና መስሎ፣ ጀሪካን፣ ግንድና ነጠላ ጫማ እያንከባለለ ይወርዳል። ዳር ላይ ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ሳፋቸውን አንስተው ሮጡ። አጠገቤ የቆመው ሰውዬ «ላይ ዘንቦ ነው» አለና ወደ ስልኩ ተመለሰ።

ላይ ዘንቦ። ይህን ሁሉም ያውቃል። ግን ስንት ዘነበ? ከዘነበ በስንት ደቂቃ ነው እዚህ የሚደርሰው? የጠየቅኋቸው ሁሉ «ወዲያው ነው» አሉኝ። ወዲያው ስንት ነው?

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ስለ ውሃ የተማርኩት ነገር የለም። ቁጥር ሲጎድል ግን እንቅልፍ አይወስደኝም። ድሬዳዋ ላይ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የሆነውንም አልረሳሁም። አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ የሆነው ደቻቱ፣ ደጋው ላይ የጣለውን ዝናብ ይዞ በሌሊት ወረደ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። እነሱም ዘንድ «ላይ ዘንቦ» ነበር።

ዘንድሮ ልለካው ነው።

ግንቦት 16

ወንዝ ለመለካት ግድግዳ ያስፈልጋል። ከፍታ የሚነበብበት፣ ውሃ የማይነቀንቀው ነገር። ወንዙን ተከትሎ የተሠራ አንድ የድንጋይ ግንብ አየሁ። የማን እንደሆነ ለማጣራት አንድ ቢሮ ሄድኩ። «ደብዳቤ አምጣ» ተባልኩ። ከማን? «ከሚመለከተው አካል።» የሚመለከተው አካል ማን ነው? «ነገ ተመለስ።» ሦስት ነገ ተመላለስኩ።

በመጨረሻ ግንቡ የአንድ መጋዘን መሆኑን የነገረኝ የመጋዘኑ ጥበቃ ነው። ባለቤቱ ፈቀዱ። ከዚያም በላይ፣ ጥበቃው አባባ ራሳቸው ሊያነቡልኝ ተስማሙ። «ልጄ፣ እኔ እንደሆነ ቀኑን ሙሉ የማየው ይኸንኑ ወንዝ ነው» አሉኝ።

ግንቦት 23

የዝናብ መለኪያ ሠራሁ። የ2 ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ ከትከሻው ላይ ቆረጥኩ፤ አናቱን ገልብጬ ወደ ውስጥ ከተትኩት። ይኸው ነው። ውሃው ይገባል፤ በአንገቱ ጥበት ምክንያት ቶሎ አይተንም።

ብዙ ሰው ጠርሙሱ ጎን ላይ ማስመሪያ ይለጥፋል። እኔም ለጠፍኩና ተናደድኩ። የጠርሙሱ ታች ጎርበጥባጣ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ሚሊ ሜትሮች ውሸት ናቸው። ማስመሪያውን ላጥኩና ከፋርማሲ ባለ 60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ገዛሁ። የጠርሙሱ አፍ ከዳር እስከ ዳር 11 ሴንቲ ሜትር ነው። ሲሰላ 95 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ በዚህ ጠርሙስ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት 9.5 ሚሊ ሊትር ውሃ ነው። 95 ሚሊ ሊትር ከቀዳሁ 10 ሚሊ ሜትር ዘንቧል።

ሚሊ ሜትር ለሰው ሲነገር ትንሽ ይመስላል። ግን 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ሲጥል 2,000 ሊትር ወደ ቦይ ይወርዳል። አንድ ትልቅ ሮቶ ሙሉ፣ ከአንድ ቤት። ከላይ እስከ ታች ያለውን ቆርቆሮና አስፋልት አስቡት።

ያስቸገረኝ ማስቀመጫው ነው። ጣሪያ ላይ አይሆንም፤ ነፋሱ ጠብታውን አሳልፎ ይወስደዋል። ዛፍ ሥርም አይሆንም። ደንቡ፣ አጠገቡ ያለ ግድግዳ ወይም ዛፍ 3 ሜትር ከሆነ ቢያንስ 6 ሜትር ራቅ ነው። አዲስ አበባ ግቢ ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ ማግኘት መርካቶ ላይ መኪና ማቆሚያ ከማግኘት ይብሳል።

ሦስት ቦታ አገኘሁ። አንዱ ላይ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ የአንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ቤት። ሁለተኛው መሀል ላይ፣ ሱቅ ያላቸው እትዬ ጓሮ። ሦስተኛው ታች፣ የእኔ ግቢ።

ሰኔ 1

ግንቡ ላይ መለኪያ ቀባን። ግንበኛ ጓደኛዬ ውሃ ልኩንና ቱምቢውን ይዞ መጣ። እኔ ብቻዬን ብሆን አጣምመው ነበር። በዘይት ቀለም፣ በየ5 ሴንቲ ሜትሩ ጥቁርና ነጭ፣ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ቁጥር። እስከ 2 ሜትር ከ50።

ዜሮውን የት እናድርግ የሚለው ግማሽ ሰዓት አጨቃጨቀን። እሱ «ውሃው አሁን ያለበት» አለ። እኔ ከዚያ ዝቅ ይበል አልኩ፤ በጋ ላይ ውሃው ሲጎድል ከዜሮ በታች ማንበብ ጣጣ ነው። እኔ አሸነፍኩ። ከዚያ ከዜሮው ጋር ያለውን የከፍታ ልዩነት ለክተን፣ ድልድዩ ኮንክሪት ላይ አንድ ምልክት አደረግን። ግንቡ ቢፈርስ ወይም ቀለሙ ቢላጥ ያንኑ ዜሮ መልሰን እናገኘዋለን።

ስለ ሽታው አልጽፍም። ቦቲ ጫማና ወፍራም ጓንት ሳታደርጉ እንዳትገቡ ብቻ።

ሰኔ 6

የብርቱካን ቀን። ከፍታ ብቻውን ስንት ውሃ እንደሚያልፍ አይናገርም፤ ፍጥነትም ያስፈልጋል። መሣሪያው ውድ ስለሆነ ድሮ የሚሠራበትን ዘዴ ያዝኩ። 10 ሜትር ለክቶ፣ የሚንሳፈፍ ነገር ጥሎ ሰዓት መያዝ። ብርቱካን ለዚህ የተፈጠረ ነው። አብዛኛው አካሉ ውሃ ውስጥ ስለሚሆን ነፋስ አይገፋውም፤ ቀለሙም ከሩቅ ይታያል።

ስድስት ገዛሁ። ሊያግዙኝ የመጡት ልጆች ሦስቱን በሉ። በቀሩት ሦስት 13፣ 14 እና 15 ሰከንድ አገኘሁ። አማካዩ 14። 10 ሜትር ሲካፈል ለ14፣ 0.71 ሜትር በሰከንድ። ግን የላይኛው ውሃ ከታችኛው ይፈጥናል፤ ስለዚህ በ0.85 ይባዛል፤ 0.61። የወንዙ ወርድ 4 ሜትር ከ20፣ አማካይ ጥልቀቱ 24 ሴንቲ ሜትር። በሰከንድ 610 ሊትር ገደማ።

አንዱ ልጅ «ጋሼ፣ ይኼ ሁሉ ውሃ የት ነው የሚሄደው?» አለኝ። ወደ ትልቁ አቃቂ፣ ከዚያ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያ አዋሽ። «ከዚያስ?» አዋሽ ባሕር አይደርስም። አፋር በረሃ ውስጥ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። አላመነኝም።

ያልነገርኩት ሌላ ነገር አለ። እንጦጦ ጫፍ ላይ የምትወድቅ ጠብታ ወደ ደቡብ ካዘመመች ቀበና ናት። ወደ ሰሜን ካዘመመች ሙገር፣ ከዚያ ዓባይ፣ ከዚያ ግብፅ። ካይሮ፣ ሮዳ ደሴት ላይ ያችን ጠብታ ይዞ የሚደርሰውን ውሃ ከፍታ ከ1,300 ዓመት በፊት ጀምረው ይመዘግቡ ነበር። እኔ ገና ሰኔ 6 ላይ ነኝ።

ሰኔ 14

መመዝገቢያውን ስልክ ላይ አደረግሁት፤ ኮቦ በሚባለው መተግበሪያ። ነፃ ነው፤ ኔትወርክ ሳይኖርም ይሠራል። የቀን መቁጠሪያውንም በእኛው ወር ያሳያል። ሰኔ 14 ብለህ ትመርጣለህ፣ እሱ ውስጥ ለውስጥ ወደ ፈረንጅ ቀን ቀይሮ ያስቀምጣል። ይህን ሳይ የሠራውን ሰው ልስመው ምንም አልቀረኝም።

አባባ ስማርት ስልክ የላቸውም። እሳቸው ደብተር ላይ ይጽፋሉ፤ ተማሪው ማታ ማታ ያስገባል። ዝናብ በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ይለካል፤ የሜትዎሮሎጂ ጣቢያዎችም በዚሁ ሰዓት ነው የሚያነቡት።

ሰኔ 25

ተአምር አየሁ። ሠንጠረዡ ላይ ወንዙ ከዝናቡ ቀድሞ ሞልቷል።

ከትናንት በስቲያ ላይ ፈረንሳይ ደህና ጥሏል። ልጁ ዝናቡ ሲጀምር ስልኩን ተጫነ፤ 14:40 ብሎ መዘገበ። ታች ውሃው መነሳት የጀመረው ደግሞ 9:25 ላይ ነው። ከዝናቡ 5 ሰዓት ከ15 ደቂቃ በፊት! ወንዙ ነቢይ ሆነ።

ሁለት ሌሊት ነው የተጨነቅሁት። ቀለሙን ተጠራጠርኩ። አባባን ተጠራጠርኩ፤ ይቅር ይበሉኝ። ላይ የቧንቧ መስመር ፈንድቶ ይሆናል ብዬ ሁሉ አሰብኩ። ከዚያ ደብተራቸውን ይዤ ስቀመጥ ገባኝ። አባባ የጻፉት 9:25 «ከቀኑ 9 ሰዓት ከ25» ነው። ልጁ እንዳለ ገለበጠው። ስልኩ ደግሞ ጠዋት 9:25 አድርጎ ተረዳው። 6 ሰዓት ጨምሩበት፤ 15:25። ከ14:40 እስከ 15:25፣ 45 ደቂቃ።

መተግበሪያው ወራችንን ያውቃል፤ ሰዓታችንን አያውቅም።

አሁን ቅጹ ላይ «ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ ወይስ ሌሊት?» የሚል ጥያቄ ጨመርኩ። ስሌቱን እኔ እሠራለሁ። የቆዩትን 19 መዝገቦች አንድ በአንድ አረምኩ፤ አሮጌውን ቁጥር ሳልሰርዝ፣ አጠገቡ አዲስ ዓምድ ከፍቼ፣ ማን መቼ ለምን እንዳረመው ጽፌ። የሒሳብ ሰው ፍሉድ አይጠቀምም።

ሐምሌ 3

የእትዬ መዝገብ ላይ ዘጠኝ ቀን ባዶ ነው። ሱቃቸው ሄድኩ።

«እትዬ፣ ምነው አልላኩም?»

«አልዘነበም እኮ።»

«እሱኑ ይላኩታ። 0 ብለው።»

«ምንም ሳይኖር ምን ብዬ ልላክ? ካርድ ማባከን ነው።»

እንዴት እንደማስረዳ ጠፋኝ። ባዶ ማለት አልዘነበም ማለት ሊሆን ይችላል። ወይም ጠርሙሱ ወድቋል። ወይም እትዬ አሟቸዋል። እኔ ቁጭ ብዬ ሳየው ሁሉም ባዶ ነው። ዓይኔ የዱቤ ደብተራቸው ላይ አረፈ። «እትዬ፣ እዚህ ላይ የእኔ ስም የለም። ዕዳ የለብኝም ማለት ነው ወይስ ሳይጽፉት ቀርተው ነው?»

«አንተማ አለብህ! የባለፈው እንቁላል!» ብለው እስክሪብቶ አነሱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ይልካሉ። እንቁላሉንም ከፈልኩ።

ሐምሌ 9

እትዬ ለቅሶ ክፍለ ሀገር ሄደው ነበር። ሲመለሱ ከጠርሙሱ 674 ሚሊ ሊትር ቀዱ። 71 ሚሊ ሜትር። «የዛሬ» ብለው ላኩት። የዛሬ አይደለም፤ የሦስት ቀን ነው። ለሦስት ማካፈል ይቻላል፤ ሠንጠረዡም ያምራል። ግን የፈጠራ ሒሳብ ነው። «የ3 ቀን ድምር» ብዬ ተውኩት። ሁለቱን ቀን ባዶ አደረግኋቸው።

ሐምሌ 12

አባባ ሌሊት ይተኛሉ፤ ደግሞም መተኛት አለባቸው። ጎርፉ ግን ሰዓት አይመርጥም። ሌሊት የደረሰበትን ከፍታ ጠዋት የሚናገር ነገር ያስፈልጋል።

የወይን ጠርሙስ ቡሽ ከአንድ ምግብ ቤት ለመንኩ። በመፈቅፈቂያ ፈቅፍቄ ዱቄት አደረግሁት። የፒቪሲ ቱቦ ታቹን በሳሁ፣ ውስጡ ረጅም ዱላ አቆምኩ፣ የቡሹን ዱቄት ከታች ጨመርኩ፣ ግንቡ ላይ በብሎን አሰርኩት። ውሃው ቱቦው ውስጥ ሲወጣ ቡሹ ተንሳፎ አብሮት ይወጣል። ውሃው ሲወርድ ቡሹ ዱላው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ጠዋት ዱላውን መዝዞ ማንበብ ነው። ከዚያ ጠርጎ መመለስ፤ ካልተጠረገ የትናንቱን የዛሬ ብለህ ታነባለህ።

ሐምሌ 20

ትናንት ሌሊት መጣ። የሐምሌ ገብርኤል ሌሊት።

ላይ 446 ሚሊ ሊትር ተቀዳ፤ 47 ሚሊ ሜትር። እኔ ግቢ 6 ብቻ። ጣሪያዬ ላይ ጠብ ጠብ ሲል እየሰማሁ እንቅልፌን ለጥጫለሁ። አባባ ጩኸቱ ቀስቅሷቸው በባትሪ አዩት፤ 1 ሜትር ከ60። «ከዚያ በላይ መጠጋት ፈራሁ» አሉኝ። ደግ አደረጉ። ሌላ ጊዜ እንዲያውም ከበሩ እንዳይወጡ ለመንኳቸው።

ዱላውን መዘዝኩ። የቡሹ መስመር 1 ሜትር ከ92 ላይ ነው። ቀጥ ያለ፣ ጥርት ያለ፣ ቡናማ መስመር። ብታምኑም ባታምኑም እጄ ተንቀጠቀጠ። ከአባባ ንባብ በ32 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ቱቦው ባይኖር የመዝገባችን ትልቁ ጎርፍ 1 ሜትር ከ60 ተብሎ ይቀር ነበር።

ሐምሌ 27

1 ሜትር ከ92 ብዙ ነው ትንሽ? የአንድ ክረምት መዝገብ ይህን አይመልስም። ስለዚህ ዛሬ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ጠየቅሁ። እዚህ ዳር 50 ዓመት የኖሩ እማማ ግድግዳቸውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። «እዚህ ድረስ። ደርግ ሊወርድ ሲል። የዱቄት ዕቃዬን ይዞብኝ ሄደ።» ጎረቤታቸው የሆኑ ሌላ ሽማግሌ ደግሞ «እማማ ተሳስተዋል፣ ከዚህ አያልፍም» ብለው ከዚያ 40 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያለ ቦታ አሳዩኝ። ልጃቸው ጎርፉ ደርግ ከወረደ በኋላ ነው ባይ ነው።

ሦስቱንም መዘገብኩ። ማን እንዳለ፣ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ። ከዚያ ከፍታውን ወደ እኔ መለኪያ ማምጣት ነበረብኝ። ግንበኛው ጓደኛዬ ነጭ ላስቲክ ቱቦ ውሃ ሞልቶ መጣ። አንዱን ጫፍ እማማ ግድግዳ ላይ፣ ሌላውን እኔ ግንብ ላይ። በሁለቱ ጫፍ ያለው ውሃ ሁልጊዜ እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል። ቱቦው ስለማይደርስ አራት ጊዜ እያቀያየርን ነው የጨረስነው። የእማማ ጎርፍ 2 ሜትር ከ85። የጎረቤታቸው 2 ሜትር ከ45።

መለኪያዬ የሚያልቀው 2 ሜትር ከ50 ላይ ነው። ቀለም ልገዛ ነው።

ነሐሴ 6

አንድ የማውቀው ልጅ «ይኼ ሁሉ ልፋት ለምን? ሳተላይት አለ እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው። ቺርፕስ የሚባለው የዝናብ መረጃ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ያለውን በነፃ ይሰጣል። አወረድኩትና ከጠርሙሶቼ ጋር አስተያየሁት። የወር ድምሩ ብዙም አይራራቅም። ችግሩ ቀኑ ነው። የሳተላይቱ አንድ ሳጥን በየአቅጣጫው 5 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። የእኔ ሦስት ጠርሙሶች አንድ ወይም ሁለት ሳጥን ውስጥ ያልቃሉ። ላይ 47፣ ታች 6 የሆነበትን ሌሊት እሱ አማካይ አድርጎ ነው የሚያየው። ለአገር ድርቅ ጥሩ ነው። ሳፋ ይዘው ለሚሮጡት ሴቶች ግን ሳጥኑ ሰፊ ነው።

ነሐሴ 13

ቡሄ። ልጆቹ በር ላይ ሆያ ሆዬ እያሉ ነው። «ቡሄ ካለ የለም ክረምት» ይባላል። ጠርሙሱን አየሁ፤ 29 ሚሊ ሜትር። እስካሁን በመዝገቤ ነሐሴ ከሐምሌ አያንስም። ለእትዬ ስነግራቸው «ክረምት ማለት ጨለማው ነው እንጂ ዝናቡ አይደለም፤ ሰማዩ ሲገለጥ አታይም?» አሉኝ። ለሰማዩ ብርሃን ቅጹ ላይ ዓምድ የለኝም።

ጳጉሜን 3

ቁጭ ብዬ ደመርኩ። ላይ ዘንቦ ታች የደረሰባቸው 11 ጎርፎች ተመዝግበዋል። ፈጣኑ 35 ደቂቃ፣ ቀርፋፋው 1 ሰዓት ከ10። አብዛኛው 45 አካባቢ። «ወዲያው» ማለት ይኸው ነው።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጀምረን ነበር። ላይ ከበድ ሲል ተማሪው ለአባባ ይደውላል፤ አባባ ወደ ሴቶቹ ይጮሃሉ። የመጀመሪያው ቀን ውሃው 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ጨመረ። ሴቶቹ የዘፈዘፉትን ልብስ በከንቱ ሰብስበው አባባን ሰደቧቸው። አሁን ግማሽ ሰዓት ውስጥ 15 ሚሊ ሜትር ካልሞላ አይደወልም። ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ተደውሏል፤ ሦስቱ እውነት ነበር። አንዷን ሴትዮ «አሁንስ ይሰሟቸዋል?» አልኳት። «እንሰማለን፤ ግን መጀመሪያ ሰማዩን እናያለን» አለችኝ።

ያልሠራው የፍሰቱ ስሌት ነው። ብርቱካን የሚሠራው ውሃው ለመግባት ሲፈቅድ ነው፤ እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ድረስ ለክቻለሁ። ከዚያ በላይ ሠንጠረዡ ላይ ባዶ ነው። መስመሩን በማስመሪያ አስረዝሜ እስከ 1.92 መድረስ እችል ነበር።

ጥቅምት 8

ወንዙ ድንጋዩን ማሳየት ጀምሯል። 22 ሴንቲ ሜትር። ቀለሙን እስከ 3 ሜትር አስረዘምነው። ተማሪው ትምህርት ስለጀመረ የአባባን ደብተር አሁን እኔ ነኝ የማስገባው።

ከእትዬ የመጣው የዛሬ ጠዋት መልእክት፦ «0። ትናንትም 0። ነገም 0 ነው የሚሆነው፣ አሁኑኑ መዝግበው። ጠርሙሱን ለዘይት ልወስደው ነው።»

እንዳይወስዱት ልነግራቸው እየሄድኩ ነው። የነገውንም አልመዘገብኩም።